እድምተኛው ቁጭ ብሎ እንዳይቀር፦ ለዲጄው፣ ለመድረክ መሪውና ለከበሮ መቺዋ ምስጋናና ጥቆማ

በአዲስ አበባ የሰርግ አዳራሾች በዲኮርና በፕሮቶኮል የምንሠራ ልጆች ነን። ይህን የምንጽፈው አብረውን ለሚሠሩት ዲጄ፣ ለመድረክ መሪውና ለከበሮ መቺዋ እህታችን በአደባባይ እግዜር ይስጥልን ለማለት፣ ለመጪው ጥርና ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ለሚደግሱ ቤተሰቦችም ለመጠቆም ነው። ብዙ ሰው ዲጄ ሲያነጋግር መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ስፒከር እንዳለው፣ ጭስና መብራት ይዞ እንደሚመጣ ነው። እነዚህን ሦስት ልጆች የምናመሰግናቸው በዕቃቸው ብዛት አይደለም። እድምተኛ ለምን ከወንበሩ እንደማይነሳ ጠንቅቀው ስለሚያውቁ ነው።

ሥራቸው የሚጀምረው ከሰርጉ ሁለት ሳምንት በፊት ከሁለቱም ቤተሰብ ጋር ቁጭ ብለው ነው። የሙሽሪት እናትና አባት ከየት እንደመጡ፣ የሙሽራው አጎቶች የት እንዳደጉ፣ ስንት አዛውንት እንደሚገኙ ይጠይቃሉ። ወሎዬና ጉራጌ የተጋቡበት ቤት አንድ ዓይነት ዝርዝር ይፈልጋል፣ የአድዋና የአምቦ ልጆች የተጋቡበት ሌላ። የአንዱ ወገን ዘፈን አራት ጊዜ ሄዶ የሌላው አንዴም ካልተሰማ ግማሹ አዳራሽ እጁን አጣጥፎ ያመሻል፣ ቅሬታውም እስከ መልስ ድረስ ይከተላል። ከቤተሰቡ ፕሮቴስታንት ወይም ሙስሊም ካለ መዝሙሩ ወይም መንዙማው የት ቦታ እንደሚገባ፣ ዘፈን ጨርሶ የማይፈለግበት ሰዓት ካለም ያኔውኑ ይጻፋል።

መጨፈሪያውን በተመለከተ ከእኛ ከዲኮረሮቹ ጋር መጀመሪያ ላይ የማይስማሙበት ነገር ነበር፣ እውነቱ ግን ከእነሱ ጋር ነው። ሰው ባዶ ሜዳ ላይ ብቻውን ወጥቶ መታየት አይፈልግም። ለ400 ሰው ድግስ 8 ሜትር በ8 ሜትር ይበቃል። 12 በ12 ከተደረገ 50 ሰው እየጨፈረ እንኳ ባዶ ይመስላል። ስለዚህ በአበባ ማሰሮና በቁም መብራት መጀመሪያ ወደ 6 በ6 ያጠቡታል፣ ሰው ሲሞላ ማሰሮዎቹን አንድ በአንድ ወደ ኋላ ያስገፋሉ። የቅርብ ዘመድ ጠረጴዛ ከመጨፈሪያው ከሁለት ሜትር በላይ እንዲርቅ አይፈቅዱም፤ እናትየዋ ከወንበሯ ሳትነሳ ማጨብጨብ ከቻለች መነሳቷ አይቀርም።

ከሁሉ በላይ ልናመሰግናቸው የምንወደው ሙሽሮች ከገቡ በኋላ ባለችው የመጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ነው። ብዙ ሰርግ የሚቀዘቅዘው እዚህ ላይ ነው። ሙሽሮቹ በደማቅ ዘፈን ይገባሉ፣ ሚዜዎቹ ሙሽሪትን ከብበው ክብ ይሠራሉ፣ ቪዲዮ አንሺዎቹ መብራታቸውን ይዘው ክቡ ውስጥ ይገባሉ። እድምተኛው የሚያየው ጀርባ ብቻ ይሆናል። እነዚህ ልጆች ሚዜዎቹን ከአዳራሹ በር ውጭ አስቁመው ያለማምዷቸዋል። ሚዜዎቹ ክቡን አይዘጉም፣ በፈረስ ኮቴ ቅርጽ ይቆማሉ፣ ክፍቱ በኩል ወደ ቤተዘመድ ጠረጴዛ ይሆናል። ካሜራው ከመድረኩ በኩል ብቻ ይቆማል። ሁለተኛው ዘፈን ሲጀምር ከሚዜዎቹ አራቱ በክፍቱ ወጥተው አክስቶችንና አጎቶችን እጃቸውን ይዘው ያስገባሉ። ወጣት ቀድሞ ከገባ ትልቅ ሰው ዳር ይቀራል። ትልቅ ሰው ቀድሞ ከገባ ግን ወጣቱን የሚያስቀረው የለም።

ከዚያ ምግብ ይነሳል። ቡፌው ተከፍቶ ሰልፉ ረዝሞ ሳለ «ተነሱ ጨፍሩ» ማለት ድካም ነው፤ የራበው ሰው ትከሻውም አይታዘዝለትም። በዚያ ሰዓት ዲጄው ክራርና ዋሽንት ያለበት ረጋ ያለ ሙዚቃ፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች ሳይጮኹ በሚደማመጡበት ድምፅ ያጫውታል። ዓይኑ ግን ቡፌው ላይ ነው። ሰልፉ ውስጥ ከአሥር ሰው በታች ሲቀር ከበሮ መቺዋን ይጠቅሳታል። ኬክ ቆረሳውንም እዚያው ላይ ያስጠጉታል፣ ምክንያቱም ኬኩን ለማየት የቆመን ሰው እንደቆመ መጋበዝ የተቀመጠን ከማስነሳት ይቀላል።

የዘፈን ቅደም ተከተላቸው የባለሙያ ነው። በመካከለኛ ፍጥነት ባላቸው የሰርግ ዘፈኖች ይጀምራሉ፣ እልልታና ጭብጨባ የሚቀበለው ዓይነት። ቀጥሎ የጎንደርና የጎጃም እስክስታ፣ ከዚያ የወሎው። ጉራግኛን ሜዳው ሳይሞላ አያስገቡም። ፈጣን ስለሆነ ቶሎ ያደክማል፣ ቀድሞ ከመጣ አዛውንቱ በሁለት ዘፈን ትንፋሹ አልቆ ይቀመጣል፣ ተመልሶም አይነሳም። ሁለት ወይም ሦስት ጉራግኛ ከሄደ በኋላ ሰዉ እየተራመደ እንዲያርፍ የትግርኛውን ጓይላ ያመጣሉ። ክቡ ቀስ ብሎ ሲዞር እስክስታ የማይችለውም ሰው ይገባል፣ እግሩን ከፊቱ ካለው ሰው ያያል። የሸዋው ረገዳና የሐረርጌው ሸጎዬ፣ የወላይታውም ወገብ እንደ ቤተሰቡ ሁኔታ ይሰካሉ።

ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገሩ ላይ ነው ጀማሪ ዲጄ የሚሰናከለው። ችክችካ የሚባለው የእስክስታው ምት በስድስት ይቆጠራል፣ ብዙው ትግርኛ ደግሞ በአምስት። ሁለቱን በኮምፒውተር ምት አስተካክሎ አንዱን በአንዱ ላይ ልደርብ ያለ ሰው እግር ያጣርሳል፣ የጨፋሪው ሰው ፊት ላይ ግራ መጋባቱ ይታያል፣ በግማሽ ደቂቃ ሜዳው ይሳሳል። ሶፍትዌሩም የችክችካን ፍጥነት ብዙ ጊዜ አሳስቶ ያነብባል፣ ስለዚህ የማያ ቁጥሩን ማመን አይቻልም። የኛ ዲጄ አይደርብም። ዘፈኑን አዝማች ላይ ይቆርጠዋል፣ ከበሮ መቺዋ ብቻዋን ስምንት ወይም አሥር ዙር ትመታለች፣ በመጨረሻዎቹ ዙሮች ወደ አዲሱ አመታት ትዞራለች፣ ሰዉ በጭብጨባ ሲይዝላት አዲሱ ዘፈን ይገባል። ይህን አይቶ ያልተደነቀ ሙዚቀኛ አላገኘንም።

ፋይሎቻቸውም ንጹህ ናቸው። ከካሴት የተገለበጠ የድሮ ዘፈን ድምፁ ትንሽ ነው፣ የካሴቱ ፍጥነት ከተዛባም ቅኝቱ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ዲጄው እያንዳንዱን አስቀድሞ አዳምጦ መጠኑን አስተካክሎ ስላስቀመጠ ከአዲስ ዘፈን ወደ ድሮ ዘፈን ሲሄድ አዳራሹ ድንገት ጸጥ አይልም። የሰርግ ቀን ከኢንተርኔት እየፈለገ የሚያጫውት ሰው ግን ኔትወርክ ሲቆራረጥ ሰርጉንም ይቆራርጠዋል።

የመድረክ መሪው ትልቁ ችሎታው ዝም ማለት መቻሉ ነው። በዘፈኑ ግጥም ላይ አይናገርም። «ምን ሆናችኋል፣ ለምን አትነሱም» ብሎ እንግዳ አይገሥጽም፤ የተገሠጸ ሰው ይባስ ወንበሩን ይይዛል። በቡድን ይጠራል፦ «የሙሽሪት አክስቶች፣ ሙሽሪት ትጠብቃችኋለች»፣ «የሙሽራው የሥራ ባልደረቦች ተራችሁ ነው»። ከአሥር ቃል አይበልጥም። የተጠራው ቡድን እንደገባ ማይኩን ያወርዳል።

ድምፁን በተመለከተ፦ ዋናዎቹን ስፒከሮች ከሰው ራስ በላይ፣ ከሁለት ሜትር ከፍ አድርገው ወደ መጨፈሪያው ያዞሯቸዋል እንጂ ወደ አዛውንቶች ጠረጴዛ አይደግኑም። ሁለቱን የባስ ሳጥኖች ግራና ቀኝ ከመበተን መሬት ላይ አንድ ላይ ያስቀምጣሉ፣ ተራርቀው ሲቀመጡ ባሱ አንዱ ቦታ ይከብዳል፣ ሌላው ቦታ ይጠፋል። የገመድ አልባ ማይክ ባትሪ በየሰርጉ አዲስ ይገባል። የቪዲዮው ልጅ ድምፅ ሲወስድ ከሌላ ሶኬት ተሰክቶ የ«ኡምም» ድምፅ ከመጣ ሁለቱንም ከአንድ መስመር ያስነሳሉ። የኤርዝ ሽቦ ግን ፈጽሞ አያቋርጡም፣ ሰው ይገድላል።

የመብራት ነገር ሁላችንም የምናውቀው ነው። የቡፌው ማሞቂያና የሳውንዱ ዕቃ በአንድ መስመር ከተሰኩ ቆጣሪው ላይ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ይወርዳል፣ ስለዚህ ለሳውንድ የተለየ መስመር ከአዳራሹ አስቀድመው ይጠይቃሉ። ላፕቶፑና ሚክሰሩ ዩፒኤስ ላይ ናቸው፣ መብራት ሲጠፋ ለጊዜው በሚያቆየው ባትሪ ማለት ነው። መብራት ጠፍቶ ጄነሬተር እስኪነሳ ባለው ጊዜ ዲጄው መጀመሪያ የአምፕሊፋየሩን ድምፅ ይዘጋል፣ ኃይሉ ሲመለስ ስፒከሩ እንዳይፈነዳ። በዚያች ቅጽበት ከበሮ መቺዋ ሜዳው መሃል ትገባለች። ከበሮ መብራት አይፈልግም፣ እልልታም እንዲሁ። በጨለማ ውስጥ ስልካቸውን አብርተው የሚያጨበጭቡ ሰዎች መሃል ስትመታ አንድም ሰው አይቀመጥም፣ ጄነሬተሩ ሲነሳ ዲጄው በእሷ ፍጥነት ይገባል።

ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ ያላወጣነው እነሱ ራሳቸው በውስጥ መስመር ይሁን ስላሉን ነው፤ ለጠየቀን ሁሉ እንልካለን። ከጥምቀት በኋላ ያሉት እሁዶች ቀድመው ስለሚያዙ ለጥር የምትፈልጉ ቶሎ ብትጠይቁ ይሻላል። ስትደውሉላቸው የእንግዳውን ቁጥር፣ የአዳራሹን ርዝመትና ወርድ፣ ምግቡ የሚነሳበትን ሰዓት፣ የሁለቱን ቤተሰብ አገርና አዳራሹ ሙዚቃ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚፈቅድ ያዙ። ዋጋው ከበሮ መቺዋን ያካትት እንደሆነ በውሉ ላይ አስጽፉ፤ እሷን ቀንሳችሁ ገንዘብ ለመቆጠብ እንዳታስቡ እንለምናችኋለን።