የማሲ ፈርጉሰን ሃይድሮሊክ ፓምፕ፦ ማሳደስ ወይስ አዲስ መግዛት?

የበቆሎ መሬት የሚገለበጥበት ወቅት ሲቃረብ ከጅማ ዙሪያ፣ ከሰርቦ፣ ከአሰንዳቦና ከኦሞ ናዳ የሚደውሉልኝ ወዳጆች የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ትራክተሩ ማረሻውን አላነሣም አለ፤ ፓምፑን ላሳድሰው ወይስ ልቀይረው?» ፓምፑ ማረሻውን በዘይት ግፊት የሚያነሣው ነው። መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። ትራክተሩ አሮጌ ማሲ ፈርጉሰን ከሆነ፣ 135ም ይሁን 165 ወይም 240፣ የፓምፑ አካል እስካልተሰነጠቀ ድረስ አሳድሱት። ርካሽ አዲስ ፓምፕ አትግዙ። ቤላሩስ ትራክተር ያላችሁ ግን ተቃራኒውን አድርጉ፤ ምክንያቱን ኋላ እነግራችኋለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ጥፋቱ የፓምፑ መሆኑን አረጋግጡ። በእነዚህ ትራክተሮች ላይ ፓምፑን የሚያዞረው የፒቲኦው ዘንግ፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ወደ ኋላ የሚያስተላልፈው ዘንግ ነው። ይህ ዘንግ ካልዞረ ፓምፑም አይዞርም፣ ማረሻም አይነሣም። ይህ ይረሳል፤ ባለቤቱም ሳያጣራ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ይሮጣል። ቀጥሎ ማረሻውን አንሡና ሞተሩን አጥፉ። ሞተሩ እየሠራ በደንብ አንሥቶ፣ ሲጠፋ ግን ወዲያው ወደ መሬት የሚወርድ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የማንሻው ሲሊንደር ፒስተን ላይ ያለው ማሸጊያ፣ ወይም ዘይቱን ከፓምፑ ወደ ሲሊንደሩ የሚያሳልፈው ቱቦ ጫፍ ላይ ያሉት ኦ-ሪንጎች (የጎማ ቀለበቶች) ናቸው። የእነዚህ ዋጋ ከፓምፕ ዋጋ ጋር ሲተያይ ከቁጥር አይገባም። በቀኝ በኩል የዘይት መለኪያ ዱላው ያለበትን ክዳን ከፍቶ፣ ሞተሩ እየሠራ ዘይት ከየት እንደሚረጭ በባትሪ የሚያይ መካኒክ ካገኛችሁ አትልቀቁት። ሳይከፍት «ፓምፑ ሞቷል» የሚላችሁን ግን አመስግናችሁ ሸኙት።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ አንድ ቦታ ረግቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ቁጥሮቹን ሳይሆን በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ያዙ። እኔ በቅርቡ ካገኘሁት ዋጋ ልነሣ። ደኅና የማደሻ ኪት፣ ማለትም የፒስተን ሪንጎች፣ የቫልቭ ሞላዎችና ኦ-ሪንጎች ያሉበት፣ 12,000 ብር ገደማ ነው። የቫልቭ መቀመጫዎችን ለማስማማት 3,000፣ ለማውጣትና ለመመለስ የእጅ ዋጋ 8,000 ያዙ። ከዚያ ሁሉም የሚዘነጋው ዘይቱ አለ። የ135 ፓምፕ የሚሠራው በካምቢዮውና በዲፈረንሻሉ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው፤ የሚይዘውም 30 ሊትር ያህል ነው። ሊትሩን በ600 ብር ብናስበው 18,000 ይሆናል፤ ከኪቱ ይበልጣል። ጠቅላላው 41,000 ብር።

ርካሹ አዲስ ፓምፕ 45,000 ይባላል። የእጅና የዘይት ዋጋ ያው ስለሆነ 71,000 ይደርሳል። የተሻለው አዲስ 90,000 ነው፤ ሲጨርስ 116,000። እንግዲህ ርካሹ ተበላሸ እንበል። ፓምፑን ለማውጣት ወንበሩ ይነሣል፣ ከባዱ የማንሻ ክዳን በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ይወጣል፣ የፒቲኦው ዘንግ ወደ ኋላ ይሳባል፣ ፓምፑን በሁለት ጎን የያዙት ፒኖች ይነቀላሉ። ይህ ሁሉ እንደገና ይከፈልበታል። ፓምፑ ብረት ፍቆ ከሆነ ዘይቱም ይደፋል። ሌላ 26,000 ጨመራችሁ ማለት ነው፤ 97,000 ብር አውጥታችሁ አሁንም የሚሠራ ፓምፕ በእጃችሁ የለም።

ይህን የምለው ያየሁትን ይዤ ነው። አንድ የአሰንዳቦ ጎረቤቴ ከአንድ ሱቅ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ ፓምፕ ገዝተው አስገጠሙ። ጥቂት መሬት እንዳረሱ ማንሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሲከፈት እኔም ነበርኩ። ዘይቱን በነጭ ጨርቅ ስናጠልለው ጨርቁ ላይ እንደ ጤፍ ዱቄት የላመ ግራጫ ብረት ቀረ። የዘይቱን መግባት የሚቆጣጠረው የኮንትሮል ቫልቩ ዘንግ በጣት ሲገፋ መሐል መንገድ ላይ ይያዝ ነበር፤ በዘይት መተላለፊያው ቀዳዳ ውስጥ ደግሞ ከብረት ማቅለጫው የቀረ አሸዋ ተጣብቋል። መካኒኩ ጥግ ላይ የተጣለውን የድሮ ፓምፕ አንሥቶ ጠረገና «ሀጂ፣ ይህን ለምን ጣሉት? ያረጀው ሪንጉና ሞላው ብቻ ነው» አላቸው። የታደሰው ያ የድሮው ነው፤ ዛሬም ያርሳል። የሱቁ ሰው «ከተገጠመ በኋላ አንመልስም» ብሎ ገንዘባቸውን አስቀረ።

የድሮው አካል የሚያስተማምነው በጥሩ ብረት የተሠራና በሥራ ላይ የተፈተነ ስለሆነ ነው። በውስጡ አራት ፒስተኖች አሉ፤ በግፊት የሚያልቁት ሪንጎቹ፣ ሞላዎቹና የቫልቭ መቀመጫዎቹ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ይቀየራሉ። ፒስተኖቹ የሚሄዱበት ሲሊንደር በጥፍር ሲዳበስ የሚይዝ ጭረት ካለው፣ ፒስተኖቹን የሚገፋው ካም ከተበላ ወይም አካሉ ከተሰነጠቀ ግን ማደስ ገንዘብ መጣል ነው። ያን ጊዜ የተሻለውን አዲስ ግዙ፤ ርካሹን የ45,000ውን አሁንም አልመክርም።

«ሕንድ ነው፣ ፓኪስታን ነው» ብሎ መናቅም ልክ አይደለም። በሕንድ ታፌ፣ በፓኪስታን ሚላት ራሳቸው ማሲ ፈርጉሰን ትራክተር የሚያመርቱ ድርጅቶች ናቸው፤ ለእነዚያ ትራክተሮች የሚቀርብ ዕቃ ደኅና ነው። የሚያሳስበኝ አምራቹ የማይታወቅ፣ ካርቶኑ ላይ የሌላ ስም የተለጠፈበት ዕቃ ነው። አዲስ አበባ ወዳለው የመለዋወጫ ገበያ፣ ወደ ሱማሌ ተራ ስትሄዱ የድሮውን ፓምፕ ይዛችሁ ሂዱ። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጥርሱ የማይገጥም ዕቃ ይዞ መመለስ የአውቶቡስ ሒሳብና የሁለት ቀን እርሻ ያስከፍላል። የፓምፑን ውስጠኛ ጥርሶች ቁጠሩ፤ በቀደሙት 10፣ በኋለኞቹ 21 ናቸው፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። የኮንትሮል ቫልቩን ዘንግ ዘይት ቀቡና አዘንብሉት፤ ሳይገፋ በክብደቱ ብቻ ካልተንሸራተተ መልሱት።

ሳልቫጅ፣ ማለትም ከሌላ ትራክተር የተፈታ ያገለገለ ፓምፕን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። 25,000 ብር ከፍሎ የሰው ችግር ከመግዛት የራስን ማደስ ይሻላል። አካላችሁ ተሰንጥቆ አካል ብቻ ለመውሰድ ከሆነ ግን፣ ፊታችሁ ተፈትቶ እስከታየ ድረስ ያዋጣል።

ቤላሩስ 80 ላይ ያለው ኤንሻ 32 የሚባለው የማርሽ ፓምፕ ነው። ከውጭ በብሎን ስለሚታሰር ማውጣቱ ቀላል ነው። አካሉ አሉሚኒየም ስለሆነ ሁለቱ ማርሾች ግድግዳውን ሲፍቁት ኦ-ሪንግ መቀየር ዋጋ የለውም፤ ግፊቱ አይመለስም። አዲሱ 13,000 ብር ገደማ ሲሆን ኪትና የእጅ ዋጋ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ቀይሩት። ስትገዙ የመዞሪያ አቅጣጫውን እዩ፤ ከቁጥሩ ኋላ የሩሲያኛው «Л» ፊደል ካለበት ወደ ግራ የሚዞር ነው፤ ከድሮው ጋር አስተያዩት።

ወደ ማሲው ልመለስ። ካሳደሳችሁት ወይም ከቀየራችሁት በኋላ ሳትውሉ ሳታድሩ የማርሽ መቀየሪያ ዘንጎቹን የጎማ ሽፋን ቀይሩ። የጅማ ዝናብ ረጅም ነው፤ ትራክተሩም ደጅ ያድራል። የጎማው ሽፋን ሲቀደድ ውሃ በማርሽ ዘንጉ በኩል ወደ ዘይቱ ይወርዳል፤ ዘይቱ ወተት ይመስላል፤ የኮንትሮል ቫልቩም ዝጎ ይያዛል። ሽፋኑ የጥቂት መቶ ብር ዕቃ ነው። ካላገኛችሁት ከአሮጌ ከመነዳሪ ቆርጣችሁ በሽቦ እሰሩት፤ ክረምቱን ያሳልፋል።