ለተራራው እይታ ከፍለን ጀርባችንን ሰጥተነው ተቀመጥን

በዚህ ሰመር ልጆቻችሁን ይዛችሁ ቤዝቦል ለማየት ወደ አልበከርኪ፣ ኒው ሜክሲኮ ልትወርዱ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት ይህችን አንብቡ። እኔ 317 ዶላር ተበልቻለሁ።

የምንኖረው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ወንዱ ልጄ በዴንቨሩ የትልቁ ሊግ ቤዝቦል ቡድን፣ በሮኪስ፣ አበደ ማለት ይቻላል። የአልበከርኪው አይሶቶፕስ ደግሞ የሮኪስ ቡድን ነው፣ ከትልቁ ሊግ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ትሪፕል ኤ ውስጥ ይጫወታል። ዛሬ እዚያ ያያችሁት ልጅ ነገ ዴንቨር ሜዳ ላይ ሊቆም ይችላል። ዴንቨር የተጎዳውም እያገገመ እዚያ ወርዶ ይጫወታል። ስለዚህ ልጄ «እንሂድ» ሲለኝ እሺ አልኩ። በአይ 25 አውራ ጎዳና ቁልቁል ሰባት ሰዓት ገደማ ያስነዳል።

ስታዲየሙ ስሙ የሚነሳው በኳሱ ብቻ አይደለም። ፊት ለፊቱ የሳንዲያ ተራራ አለ፤ ጫፉ 3,255 ሜትር ነው፣ ከእንጦጦ ጋር ትከሻ ለትከሻ የሚለካካ። ሳንዲያ በስፓኒሽ ሐብሐብ ማለት ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ተራራው ሐብሐብ የተቆረጠ ይመስላል። ሌላው ምግቡ ነው። የኒው ሜክሲኮ ሰው አረንጓዴ ቃሪያ ጠብሶ የማይጨምርበት ነገር የለም። እኛ ቃሪያ በሊታዎች መቼም ለዚህ ሩቅ አይደለንም።

ስልኬ ላይ የስታዲየሙን ስም ጽፌ ፈለግሁ። ከሁሉም በላይ የመጣውን ነካሁት። የተሸወድኩት እዚህ ጋ ነው። ከአናቱ በደቃቅ ፊደል «ስፖንሰርድ» የሚል ነበረበት፤ ማን ልብ ይለዋል? ገጹ የቡድኑን ቀለም ለብሷል። የሳንዲያ ፎቶ ተለጥፎበታል። የስታዲየሙ ስም ሳይቀር አድራሻው ውስጥ ተሰክቷል። የቡድኑ ግን አይደለም። ትኬት ገዝቶ አስወድዶ የሚቸረችር ደላላ ነው። ስሙን አልጠራም። ነገ ሌላ ስም ይዞ ይመጣል፣ ስሙን ማወቅ አያድናችሁም።

የሚሸጠው «የሳንዲያ እይታና የኒው ሜክሲኮ ምግብ» የሚል ጥቅል ነበር፣ ለአንድ ሰው 64 ዶላር። ከላይ ሰዓት ይቆጥራል፣ 8 ደቂቃ ቀርቶሃል ይላል። እኔም እንደ ሞኝ ተጣደፍኩ። ለአራታችን 256 ዶላር ብዬ ካርዴን ካስገባሁ በኋላ፣ መጨረሻው ገጽ ላይ 61 ዶላር «የአገልግሎት» ተብሎ ብቅ አለ። ይሄ በነገራችን ላይ ክልክል ነው። ከሜይ 12 ቀን 2025 ጀምሮ በፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን ደንብ መሠረት፣ የጨዋታና የኮንሰርት ትኬት የሚሸጥ ሰው ግዴታ የሆነውን ክፍያ ሁሉ ደምሮ ከመጀመሪያው ማሳየት አለበት። መጨረሻ ላይ ዋጋ የሚያድግ ገጽ ካያችሁ፣ ከዚያ በላይ ምልክት አትፈልጉ፣ ዝጉት።

ትኬቱ ሐሰተኛ አልነበረም። በሩ ላይ ኮዱን ስካን አደረጉት፣ አለፈ። ደስ አለን። ወንበራችንን ስንጠይቅ ግን ሠራተኛው ከሜዳው ማዶ ጠቆመን። ወንበር የለም። ሳር የለበሰ ዳገት ነው፣ ሰው ፎጣ አንጥፎ የሚቀመጥበት። ትኬቶቹ የዚያ ነበሩ፣ የስታዲየሙ ርካሽ ቦታ። በኋላ የትኬት መስኮቱ ላይ ዋጋውን አየሁት። እኔ ከከፈልኩት ሩብ አይሞላም።

እሺ፣ ሳር ላይ መቀመጥ ለሐበሻ ምን ችግር አለው? ፒክኒክ ነው። ችግሩ ሌላ ነው።

የቤዝቦል ሜዳ ሲሠራ፣ ኳስ መቺው ፊቱን ወደ ምሥራቅ፣ ትንሽም ወደ ሰሜን አዘንብሎ እንዲቆም ይመከራል። ያለዚያ የማታ ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ትገባለች። ሳንዲያ ያለው ደግሞ በዚያው አቅጣጫ ነው። ስለዚህ ከመቺው ጀርባ የተቀመጠ ሰው ሜዳውንም ተራራውንም ባንድ ላይ ያያል። ሳሩ ያለው ከሜዳው ማዶ ነው። እዚያ የተቀመጠ ሰው ወደ መቺው ነው የሚያየው። ተራራው ከጀርባው፣ ፀሐይዋ ዓይኑ ውስጥ። ሴቷ ልጄ አይስክሬሟን ይዛ ሁለቴ ዞር ዞር አለችና «አባዬ፣ ተራራው የታለ?» አለችኝ። «ከኋላሽ» አልኳት። ባለቤቴ አንዴ አየችኝ፣ ምንም አላለችም። ያ አስተያየት ከ317 ዶላሩ በላይ አመመኝ።

ምግቡስ? ስታዲየሙ ውስጥ ላሉት ምግብ ሻጮች የትኬቱን ኢሜይል ከፍቼ አሳየሁ። አንዷ ሴትዮ መነጽሯን አውጥታ ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ፣ እግዜር ይስጣት። ከዚያ ወደ ታች ጎትታ ጣቷን አንድ ሊንክ ላይ አቆመች። «ምግቡ» የተባለው ስድስት ገጽ ፋይል ነበር፣ በአካባቢው ምን ምን እንደሚበላ የሚዘረዝር። ብሉ አላሉንም ለካ፣ አንብቡ ነው ያሉን። ከኪሴ ከፍዬ አረንጓዴ ቃሪያ ያለበት በርገር ገዛሁ። መቼም እውነቱን ልናገር፣ በርገሩ ጥሩ ነው። ቃሪያው የኛን አዋዜ ያህል አያቃጥልም፣ የእሳት ሽታ ግን አለው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። አልበከርኪ ውስጥ አረንጓዴ ቃሪያ ስቱ የሚሉት ወጥ ብዙ ጊዜ በአሳማ ሥጋ ነው የሚሠራው። ካርኔ አዶቫዳ የሚባለው ቀዩም አሳማ ነው። ስሙ ቃሪያ ስለሆነ ብቻ አትመኑት፣ ሳትጠይቁ አታዙ።

ትኬት ስትፈልጉ ወደ ቡድኑ ወይም ወደ ሊጉ ገጽ በራሳችሁ ሂዱና ከዚያ ሊንክ ግቡ። ሰባት ሰዓት ከመንዳታችሁ በፊት ወደ ትኬት መስኮቱ ደውላችሁ ሴክሽኑን መጠየቅም ትችላላችሁ፣ ስልክ ያነሳሉ። ተራራው ከሆነ ያማራችሁ፣ ከመቺው ጀርባ ወይም በፈርስት ቤዝ በኩል (ወደ ሜዳው ስታዩ በስተቀኝ) ያዙ። በሰርድ ቤዝ በኩል (በስተግራ) ቶሎ ጥላ ያገኛል፣ ሕፃን ለያዘ ሰው እሱ ይሻላል። ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ «ትርፍ ትኬት አለኝ፣ በዜል ላክልኝ» የሚላችሁን ደግሞ እለፉት። ዜል በስልክ ገንዘብ መላኪያ ነው፣ በእሱ የሄደ ብር አይመለስም ማለት ይቻላል።

እኔን የረዳኝ በክሬዲት ካርድ መክፈሌ ነው። ሻጩን ሬፈንድ ብጠይቀው «ትኬቱ ሠርቷል፣ ጨዋታው ተካሂዷል» ብሎ ዘጋብኝ። ባንኬ ግን የተባልኩትን ስላልተሰጠኝ ልከራከር እንደምችል ነገረኝ። ሕጉ፣ ክፍያው ያለበት የመጀመሪያው ቢል ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አሳውቁ ይላል። በስልክ ብቻ ነግራችሁ አትቀመጡ። ማስታወቂያው ከመጥፋቱ በፊት ስክሪንሹት ያዙ። እኔ «የሳንዲያ እይታ» የሚለው ኢሜይሌ ላይ ስለቀረ ተረፍኩ፣ ገጹ ራሱ ዛሬ የለም። እሱንና ሳሩ ላይ ጀርባችንን ለተራራው ሰጥተን የተነሳነውን ፎቶ አያይዤ ልኬያለሁ። መልስ ገና አልመጣም።

ሰባተኛው ኢኒንግ (የጨዋታው ዙር) ላይ ልጆቹን ይዤ ዞርኩና ከመቺው ጀርባ ካሉት ወንበሮች አናት ቆምን። ተራራው ልክ እንደሚሉት ቀልቷል። ልጄ ስልኬን ቀማችኝ። አምስት ደቂቃ ያህል እንደቆምን አስተናጋጁ መጥቶ መተላለፊያ ዘጋችሁ አለን፣ ወደ ሳራችን ተመለስን።