መገናኛ አካባቢ ለሚሠራ የላፕቶፕ ጥገና ባለሙያ የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

የምተዳደረው ለአነስተኛ ነጋዴዎች ሒሳብ በመሥራት ነው። የሥራ መሣሪያዬ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ430 የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ የቀረበው የላፕቶፕ ሞዴል ሲሆን፣ ለመከፈት ብዙ ከማስጠበቁም በላይ ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ላይ ሪፖርት ባዘዝሁ ቁጥር የሃርድ ዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ያስቀምጠኝ ነበር። አንድ ሱቅ «አርጅቷል፣ ሌላ ይግዙ» ብሎ መልሶኛል። መገናኛ አካባቢ የሚሠራው ወንድማችን ግን ሃርድ ዲስኩን በቦታው ትቶ አነስተኛ ኤስኤስዲ (እንደ ሃርድ ዲስክ መረጃ የሚይዝ፣ ግን እጅግ የሚፈጥን ማከማቻ) ስለጨመረልኝና ላፕቶፑም ዛሬ ያለ እንከን እያገለገለኝ ስለሆነ፣ በአደባባይ ላመሰግነው፣ ተመሳሳይ ችግር ላለባችሁም ልጠቁመው ወደድሁ።

ስለ ዋጋ ከመናገሩ በፊት የላፕቶፑን ሞዴል ጠይቆ አረጋገጠ። በዚህ ሞዴል ውስጥ፣ ከኪቦርዱ ሥር፣ ኤምሳታ የተባለውን ትንሽ ኤስኤስዲ የሚቀበል ባዶ ቦታ እንዳለ፣ ይህም አሁን በየሱቁ ከሚታየው፣ ኤም ዶት ቱ ከተባለው የኤስኤስዲ ዓይነት ጋር በመልክ ቢቀራረብም አንዱ በሌላው ቦታ ፈጽሞ እንደማይገባ አስረዳኝ። ገንዘቤን ለማይሆን ዕቃ ከማውጣት ያዳነኝ ይህ ማብራሪያ ነው። ሌላም አማራጭ አቅርቦልኝ ነበር፦ ኤስኤስዲውን በሃርድ ዲስኩ ቦታ ማስገባትና ሃርድ ዲስኩን 12.7 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ማቀፊያ ወደ ዲቪዲ ማጫወቻው ቦታ ማዛወር። የኤምሳታው ቦታ በሰከንድ 3 ጊጋቢት ብቻ የሚያስተላልፍ፣ የዋናው ዲስክ ቦታ ደግሞ 6 ጊጋቢት የሚያስተላልፍ በመሆኑ ሁለተኛው መንገድ በቁጥር ሲታይ ይበልጣል። ሆኖም የእኔን ላፕቶፕ ያዘገየው በዋናነት የሃርድ ዲስኩ ማንበቢያ ክንድ የተበታተኑ ትንንሽ ፋይሎችን ለመልቀም ወዲያና ወዲህ መመላለሱ እንጂ የመስመሩ ጥበት አለመሆኑን፣ የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው ኤስኤስዲ ደግሞ በዝግተኛው መስመርም ቢሆን ይህን ችግር እንደሚፈታው ሲነግረኝ፣ ደንበኞቼ እስከ ዛሬ ሰነድ በሲዲ ስለሚያመጡልኝ ማጫወቻውን ላለማጣት የኤምሳታውን መንገድ መረጥሁ። የተገጠመው ባለ 128 ጊጋባይት ነው።

በተለይ ላመሰግነው የምፈልገው ግን ደንበኛ በማያየው ጥንቃቄው ነው። አስቀድሞ የሃርድ ዲስኩን ጤንነት በፕሮግራም መረመረ፤ የሒሳብ ፋይሎቼንም በውጭ ዲስክ ላይ ገለበጠ። አዲሱ ዲስክ ከአሮጌው በጣም ስለሚያንስ፣ ስካን የተደረጉ ሰነዶችንና ፎቶዎችን ዊንዶውሱ ካለበት የሃርድ ዲስኩ ክፍል (ሲ) ወደ ሌላው ክፍል (ዲ) አዛውሮ ወደ አዲሱ የሚገለበጠው ቀሪው እንዲበቃው አደረገ። የላፕቶፑ ባትሪ የደከመ በመሆኑ፣ መብራት መሐል ላይ ቢጠፋ ቅጂው እንዳይበላሽ ዩፒኤስ ላይ ሳይሰካው ሥራውን አልጀመረም። ዊንዶውሱ ከነፕሮግራሞቹ እንዳለ ስለተገለበጠ፣ ፒችትሪን እንደ አዲስ መጫን ሳያስፈልግ የድርጅቶቹ ፋይሎች በነበሩበት አድራሻ ተከፈቱ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያስነሳው ሃርድ ዲስኩን ነቅሎ ነበር፤ ምክንያቱን ብጠይቀው፣ ሁለት ተመሳሳይ ቅጂዎች አንድ ላይ ከተገኙ ዊንዶውስ የዲስኮቹን መለያ ሊያምታታ እንደሚችል መለሰልኝ። ከዚያ በኋላ ሃርድ ዲስኩን መልሶ ገጠመና ኮምፒውተሩ ከኤስኤስዲው እንዲነሣ ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ማስተካከያ) ላይ ቅደም ተከተሉን አስተካከለ። አሮጌውን ዊንዶውስ ግን ወዲያው አላጠፋውም፤ የተለመደውን ሥራዬን ሠርቼበት ሁሉም ደህና መሆኑን ካረጋገጥሁ በኋላ ተመልሼ ስመጣ፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ አጽድቶ ቦታውን ለሰነድ ማስቀመጫ አደረገልኝ።

የማይስማማኝንም አልደበቀኝም። ሞዴሉ ዊንዶውስ 11ን በይፋ እንደማይቀበል፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 እንዳበቃ፣ ስለዚህ ይህ ማሻሻያ ላፕቶፑን ያፈጥነዋል እንጂ አዲስ እንደማያደርገው ገንዘቤን ከመቀበሉ በፊት ነገረኝ። ኤስኤስዲ እንደ ሃርድ ዲስክ እየተንቋቋ ሳያስጠነቅቅ በድንገት ሊሞት ስለሚችል የውጭ ቅጂ መያዜን እንዳልተው፣ እስከ አፉም እንዳልሞላው አሳስቦኛል። የዕቃውንና የእጁን ዋጋ ለየብቻ ጽፎ ሰጠኝ፤ ብዙዎች ይህን አያደርጉትም።

የሚነቀፍ ነገር ካለው፣ ሥራ ላይ እያለ ስልክ አለማንሳቱ ነው፤ እኔ በበኩሌ ካቻቢቴ ይዞ ስልክ ከሚያወራ ሰው እርሱን እመርጣለሁ። በአንድ ጊዜ ብዙ ላፕቶፕ ስለማይቀበል አስቀድሞ መልእክት መላክና ሞዴሉን መጻፍ ይሻላል። ቁጥሩን እዚህ እንዳላሰፍር ስለጠየቀኝ፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እልክላችኋለሁ።