የነዳጅ ሮያልቲያችንን ስንሸጥ ከጎናችን ለቆሙት ላንድማን ምስጋና

ሰላም ለሁላችሁም። በተለይ በዳላስ፣ በፎርት ወርዝና በሂዩስተን ላላችሁ ወገኖቼ ነው የምጽፈው። ከሟች ባለቤቴ የወረስነውን የነዳጅ ሮያልቲ በከፊል ስንሸጥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያልተለዩን አንድ የሚድላንድ ላንድማን፣ ማለትም የከርሰ ምድር ባለቤትነት አጣሪ፣ አሉ። እሳቸውን በአደባባይ ማመስገን አለብኝ፤ ለሚያስፈልገውም ሰው ልጠቁማቸው እወዳለሁ። ስማቸው እዚህ እንዲወጣ አልፈለጉም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ግን በደስታ ስልካቸውን እሰጣለሁ።

ነገሩ ለብዙዎቻችን እንግዳ ስለሆነ ትንሽ ላብራራ። በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬቱም የተፈጥሮ ሀብቱም የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ግን ከርሰ ምድሩ የግል ንብረት ነው፤ የላይኛው መሬት ሲሸጥ የታችኛው በቀድሞው ባለቤት እጅ ሊቀር ይችላል። የባለቤቴ አያት በሪቭስ ካውንቲ የነበራቸውን የከብት መሬት ሲሸጡ ሚነራሉን፣ ማለትም የከርሰ ምድሩን ሀብት፣ አስቀርተው ነበር። ከዚያ እየተከፋፈለ ለእኔና ለልጆቼ የደረሰን 20 ኤከር ነው። የሚቆፍረው ኩባንያ የቁፋሮውን ወጪ ይችላል፤ እኛ በሊዙ መሠረት ከድርሻችን ሽያጭ አንድ አራተኛውን በሮያልቲ እንቀበላለን።

ባለቤቴ ካረፈ በኋላ የ"እንግዛችሁ" ደብዳቤ ይጎርፍ ጀመር። የውርስ ሰነድ ካውንቲው ላይ ሲመዘገብ ለማንም ክፍት ነው፤ ገዢዎች ደግሞ ይህን በየቀኑ የሚከታተል ሰው አላቸው። ሐዘን ላይ ያለ ቤተሰብ ብር ይፈልጋል፣ ወረቀቱንም አያውቅም ብለው ነው የሚመጡት።

ላንድማን ማለት የካውንቲ መዝገብ እያገላበጠ ከርሰ ምድሩ የማን እንደሆነ የሚያጣራ ባለሙያ ነው። አብዛኞቹ የሚሠሩት ለቆፋሪ ወይም ለገዢ ኩባንያ ስለሆነ፣ ለባለድርሻ ብቻ የሚቆም ማግኘት ቀላል አይደለም። እኚህ ሰው ገና በመጀመሪያው ስልክ ክፍያቸው በሰዓት እንደሆነ፣ ከሽያጩ ኮሚሽን እንደማይወስዱ፣ ራሳቸውም እንደማይገዙ ነገሩን። ይህንንም በጽሑፍ ሰጡን። ብትሸጡም ባትሸጡም የእኔ ሒሳብ አይለወጥም አሉ። እኔ በእሳቸው እንድተማመን ያደረገኝ ይህ ነው። የሙያ ማረጋገጫቸውንም ዋና ጽሕፈት ቤቱ ፎርት ወርዝ በሆነው በላንድማኖች ማኅበር ዝርዝር ላይ አይተናል።

ከዚያ የጠየቁን ስለ ዋጋ አልነበረም። "ለምን አሁን ጻፉላችሁ?" ነበር ያሉት። የቴክሳስ ሬይልሮድ ኮሚሽንን ድረ ገጽ ከፍተው ካርታውን አሳዩን። ስሙ የባቡር ይሁን እንጂ በቴክሳስ ነዳጅና ጋዝ የሚቆጣጠረው ይህ መሥሪያ ቤት ነው፤ የቁፋሮ ፈቃዱም የየወሩ ምርትም ያለ ክፍያ ይታያል። በእኛ ዩኒት (ለቁፋሮ አንድ ላይ በተጠቃለለው መሬት) ላይ አዲስ የአግድም ጉድጓድ ፈቃድ ወጥቶ ነበር። ደብዳቤዎቹ የመጡት ከፈቃዱ በኋላ ነው። የቀረበልን ዋጋ ግን ቀድሞ ከተቆፈረው አሮጌ ጉድጓድ በምናገኘው ቼክ ብቻ የተሰላ ነበር። የአግድም ጉድጓድ በመጀመሪያው ዓመት ብዙ አውጥቶ በፍጥነት ይቀንሳል፤ ስለዚህ በአሮጌ ጉድጓድ ቼክ ተለክቶ የሚሸጥ ሰው ገና ያልተቆፈረውን በነጻ ነው የሚሰጠው።

የቼኩን ተቀጽላ ወረቀት ዘርግተው በቢጫ ማርከር ያሰመሩባት ቁጥር አሁንም በዓይኔ ላይ አለች፤ 0.00390625። በእርሳስ አሰሉልን፦ 20 ኤከር ለዩኒቱ 1,280 ኤከር ተካፍሎ፣ በአንድ አራተኛ ሲባዛ ልክ እሷ ትመጣለች። ኩባንያው ድርሻችንን በትክክል እንደመዘገበ ያወቅነው ያን ጊዜ ነው። ልጄ ከዚያ ወዲህ የየወሩን ቼክ ራሷ ታመሳክራለች።

የኤከሩን ነገር ሳልጽፍ ባልፍ ሰው ይጎዳል። አንዱ ገዢ ዋጋ የሚሰጠው በሚነራል ኤከር (ባለን የከርሰ ምድር ኤከር ልክ) ነው፣ ሌላው በሮያልቲ ኤከር። የሮያልቲ ኤከር የሚሰላው በአንድ ስምንተኛ ሮያልቲ መነሻ ስለሆነ፣ አንድ አራተኛ ሮያልቲ ያለው የእኛ 20 ሚነራል ኤከር 40 ሮያልቲ ኤከር ይሆናል። ለምሳሌ አንዱ ለሚነራል ኤከር 8,000 ዶላር፣ ሌላው ለሮያልቲ ኤከር 5,000 ዶላር ቢል፣ የመጀመሪያው በድምሩ 160,000፣ ሁለተኛው 200,000 ነው። ደብዳቤው ላይ አነስ ብሎ የሚታየው ነው የሚበልጠው። ልጆቼ ሊቀበሉት ያሰቡት የመጀመሪያውን ዓይነት ነበር።

ገዢዎችን ያጣሩበት መንገድ ደግሞ ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ነው። የእያንዳንዱን ስም ይዘው የሪቭስ ካውንቲን መዝገብ ፈተሹ። ገዝቶ የያዘው የትኛው ነው? ዛሬ ገዝቶ በማግስቱ ለሌላ ያዞረው የትኛው ነው? ሁሉም እዚያው ተጽፏል። ውሉ ላይ "ወይም እሱ መብቱን ለሚያስተላልፍለት" የሚል ሐረግ ካለ፣ ሰውየው ገንዘቡ ላይኖረው፣ የእናንተን ወረቀት ይዞ ገዢ ፍለጋ ሊሄድ ይችላል አሉን። ከባንክ የገንዘብ ማረጋገጫ ጠየቁ፤ የቀሩ አሉ። ኩባንያው ሕጋዊ ህልውና እንዳለውም በስቴቱ ኮምትሮለር (ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ አዩ፤ ይህም ነጻ ነው።

አንዱ ገዢ የስም ማዛወሪያውን ሰነድና የባንክ ድራፍት በአንድ ፖስታ ልኮልን ነበር። ድራፍቱ የሚከፈለው ከ30 ቀን በኋላ ነው፤ ሰነዱ ግን ፈርመን እንደመለስነው ሊመዘገብ ይችላል። በእነዚያ ቀናት ንብረቱ በስሙ ነው፣ ገንዘቡ ደግሞ የለም። በቴክሳስ ሕግ ሰነድና ድራፍት አብሮ የሚልክ ገዢ፣ ፈርመህ ስትመልስ ድርሻህን እየሸጥህ ነው የሚል ማሳሰቢያ 14 ፖይንት በሚያህል ጉልህ ፊደል ማካተት አለበት። እኛ በተላከልን ወረቀት ላይ አልነበረም። ይህን ያስተዋሉት እሳቸው ናቸው፤ ያን ገዢ ወዲያው ተውነው።

ጠበቃም ያስፈልጋል ብለው አጥብቀው መከሩን። በቴክሳስ የልዩ ሙያ ቦርድ በነዳጅ፣ ጋዝና ማዕድን ሕግ የተመሰከረለት ጠበቃ ፈልገን ያዝን። ሰነዱ ላይ "በካውንቲው ውስጥ ያለኝን ሁሉ" የሚለው ተሰርዞ የሚሸጠው ብቻ በዝርዝር ተጻፈ፤ ሽያጩ የሚጸናበት ቀንም ወደፊት ተደረገ፣ ያልተከፈለን ያለፈው ወራት ሮያልቲ ለገዢው እንዳይሄድ። ገንዘቡና ሰነዱ በኤስክሮ (ሁለቱንም በአደራ በሚይዝ ገለልተኛ ወገን) አለፉ፤ በባንክ የሚላከው ገንዘብ ሳይገባ ምንም አልተመዘገበም። የግብሩን ጉዳይ ሒሳብ ሠራተኛችን ጨረሰ፤ የወረስነው በመሆኑ ግብር የሚከፈልበት ትርፍ የሚቆጠርበት መነሻ ባለቤቴ ባረፈበት ቀን የነበረው ዋጋ ነው፣ ያ ቀን ያለው ግምት በጽሑፍ መኖሩ በጣም ጠቀመን።

በመጨረሻ ግማሹን ሸጥን፣ ግማሹን ለልጆቹ አስቀረን። ይህንንም እኛው ወሰንን፤ እሳቸው አንድም ቀን ሽጡ ወይም አትሽጡ አላሉንም።

ጉድለት ከተባለ፣ ቴክስት አይመልሱም፣ ሥራቸውም አይቸኩልም፤ ቶሎ ልጨርስ የሚል ሰው ይቸገራል። ድርሻው በጣም ትንሽ የሆነ ሰው ደግሞ፣ ለምሳሌ በፎርት ወርዝ ቤት ሲገዛ ከጓሮው በታች ያለው ባርኔት የተባለው የጋዝ መስክ ሮያልቲ አብሮት የመጣ፣ የሰዓት ክፍያው ላያዋጣው ይችላል። እንዲህ ዓይነቱን ሰው እሳቸው ራሳቸው ነግረው ይመልሱታል። እሱ በሬይልሮድ ኮሚሽኑ ድረ ገጽ ራሱ ይይ፤ በኮምትሮለሩ የባለቤት አልባ ገንዘብ ዝርዝር ውስጥም የራሱንና የቤተሰቡን ስም ይፈልግ፣ አድራሻ ስለተቀየረ ብቻ እዚያ የተቀመጠ ሮያልቲ አለ።

የተከበሩ ሰው፣ ልጆቼም እኔም ከልብ እናመሰግንዎታለን፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። የምትደውሉላቸው ሰዎች ሊዙን፣ ዲቪዥን ኦርደሩን (ኩባንያው ድርሻችሁን የሚገልጽበትን ሰነድ)፣ የቅርቡን የቼክ ተቀጽላና የመጣላችሁን ደብዳቤ ከነፖስታው ይዛችሁ ጠዋት ጠዋት ደውሉ።