ሳንቲም ይዛችሁ ሂዱ፦ ሮም ውስጥ የካራቫጆን ሥዕሎች እዛው ቤተክርስቲያኑ ገብቶ ማየት

ሮም ለጉብኝት የምትመጡ፣ ወይ እንደኔ ለሥራ መጥታችሁ ከሥራና ከቤት ሌላ ከተማውን በደንብ ያላያችሁ ካላችሁ ይሄ ሪቪው ለናንተ ነው። ስለ ሙዚየም አይደለም የምጽፈው፣ ትኬት ምናምን የለውም፣ ስለ ሦስት ቤተክርስቲያኖች ነው፣ ሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ፣ ሳንታጎስቲኖ እና ሳንታ ማሪያ ዴል ፖፖሎ። ሦስቱም ውስጥ ካራቫጆ የሚባለው ሠዓሊ የሳላቸው ሥዕሎች አሉ፣ ያውም ከ400 ዓመት በፊት በተሳሉለት ግድግዳ ላይ፣ ዛሬም እዛው ናቸው፣ መግቢያ አትከፍሉም። የሚያስፈልጋችሁ ሳንቲም ነው፣ ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

እኔ አንዲት አሮጊት ነው የምንከባከበው፣ እዚህ ባዳንቴ ይሉናል፣ እረፍቴ ሐሙስ ከሰዓትና እሁድ ናት። መጀመሪያ ያየኋቸው አምና እህቴ ከአገር ቤት ስትመጣ ነው፣ ደስ ይበላት ብዬ በእግር የሚያስጎበኝ አንድ ድርጅት ጋ ለሁለታችን ከፈልኩ፣ ኤርፎን ጆሯችን ላይ ሰኩልን፣ ከዛ ሩጫ ነው በቃ። ሰውዬው የሚያወራው ካራቫጆ ማንን ገደለ፣ ከማን ጋር ተጣላ፣ ሥዕሉ ስንት ሚሊዮን ያወጣል፣ ይሄንኑ ነው። እህቴ አማትባ ልትንበረከክ ስትል ግሩፑ እየሄደ ነው ብሎ አስነሳት። የዛን ቀን ማታ ምንም አልተናገረችም፣ እኔ ግን ከፍቶኝ አደርኩ፣ ምክንያቱም እነዚህ ሥዕሎች የተሳሉት ሰው ፊታቸው እንዲንበረከክ ነው እኮ፣ ሌላ ሥራ የላቸውም። በሚቀጥለው ሐሙስ ብቻችንን ተመልሰን ሄድን፣ ከዛ ወዲህ እኔ ስንቴ እንደሄድኩ አልቆጠርኩትም።

ሳን ሉዊጂ የፈረንሳዮች ቤተክርስቲያን ነው፣ ከፓንቴዮን ወደ ፒያሳ ናቮና ስትሄዱ መሃል ላይ ታገኙታላችሁ። ስትገቡ በግራ በኩል ወደ ውስጥ ዝለቁ፣ አምስተኛው ጸሎት ቤት ነው፣ ሰው ስለሚከበው አታጡትም። መጀመሪያ ስትደርሱ ጨለማ ነው። ጥቁር ሸራ ነው የሚመስለው። አጠገቡ የሳንቲም ሳጥን አለ፣ ሳንቲም ስትከቱ ቀጭ ይልና መብራት ይበራል፣ ጨለማው ውስጥ ተቀምጠው የነበሩት ሰዎች በሙሉ አንዴ ብቅ ይላሉ። እህቴ ክንዴን ጭምድድ አድርጋ ያዘችኝ።

በግራ ያለው የማቴዎስ መጠራት ነው። ወንጌሉ ላይ አንዲት ቁጥር ናት፣ ጌታ ሲያልፍ በመቅረጫው ተቀምጦ አየው፣ ተከተለኝ አለው፣ ተነሥቶ ተከተለው፣ አለቀ። ካራቫጆ ይቺን ቁጥር ይዞ ያደረገውን ተመልከቱ፣ አምስት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ገንዘብ ላይ ናቸው፣ ልብሳቸው የጌታ ዘመን ልብስ አይደለም፣ የሠዓሊው ዘመን የሮም ጎረምሳ የሚለብሰው ነው፣ ላባ የተሰካበት ኮፍያ ሁሉ አለ፣ አንድ ሽማግሌ መነጽሩን ይዞ ሳንቲሙ ላይ አቀርቅሯል። ክፍሉ ባዶ ግድግዳ ነው፣ መስኮቱ ደግሞ ምንም አያሳይም፣ መርካቶ ማታ ሂሳብ የሚዘጋበት ጓዳ ብትሉት ያስኬዳል። ጌታ በቀኝ ጥግ ቆሟል፣ ጴጥሮስ ከፊቱ ስለሆነ አብዛኛው አካሉ ተሸፍኗል፣ የሚታየው ፊቱና እጁ ነው። እጁ ደሞ አይቆጣም፣ አይጎትትም፣ ለስለስ ብሎ ተዘርግቷል፣ ሚኬላንጄሎ ቫቲካን ውስጥ ሲስቲና ጸሎት ቤት ጣራ ላይ የሳለውን የአዳምን እጅ ነው የሚመስለው፣ ካራቫጆ አስቦበት ነው። ብርሃኑ በዛ መስኮት አይገባም፣ ከጌታ በላይ መጥቶ ግድግዳውን ሰያፍ አቋርጦ ፊታቸው ላይ ያርፋል።

ታዲያ ማቴዎስ የትኛው ነው? መሃል ላይ ያለው ጢማም ጣቱን ቀስሯል፣ እኔን ነው? የሚል ይመስላል፣ ብዙ ሰው እሱ ነው ይላል። አንዳንድ ባለሙያዎች ግን ጢማሙ የሚጠቁመው ወደ ጎረቤቱ ነው፣ ማቴዎስ ጥግ ላይ አንገቱን ደፍቶ ሳንቲም የሚቆጥረው ልጅ ነው ይላሉ። እኔ ሁለት ጊዜ ጢማሙ ነው ብዬ ወጥቻለሁ። በሦስተኛው ለቤት የምልከውን ብር ባስ ውስጥ ስቆጥር ነበር የመጣሁት፣ ስንት ለቤት ኪራይ፣ ስንት ለእናቴ መድኃኒት፣ ስንት ለወንድሜ ልጅ ትምህርት ቤት፣ እያልኩ፣ መብራቱ ሲበራ ዓይኔ ልጁ ላይ ቀረ። ገና ቀና አላለም። ብርሃኑ ትከሻው ላይ ደርሷል፣ እሱ ገና እየቆጠረ ነው። እዛው ቁጭ ብዬ መቁጠሪያዬን አወጣሁ፣ አንድ ምዕራፍ ሳልጨርስ መብራቱ ጠፋ፣ ሌላ ሰው ሳንቲም ከተተ።

ነፍሳቸውን ይማርና ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም ለዚህ ሹመት ከመመረጣቸው በፊት ሮም ሲመጡ ይሄን ሥዕል እየሄዱ ያዩት እንደነበር በ2013 ቃለ መጠይቅ ላይ ተናግረዋል፣ እኔ እንደ ማቴዎስ ነኝ ብለው። የክህነት ጥሪያቸውን የተረዱት ገና 17 ዓመት ሳይሞላቸው በቅዱስ ማቴዎስ በዓል ቀን ነው፣ አርማቸው ላይ ያለው የላቲን ቃልም ስለዚሁ ስለ ማቴዎስ መጠራት ከተጻፈ የቅዱስ ቤዳ ስብከት የተወሰደ ነው። ያርፉበት የነበረው ቤት ከቤተክርስቲያኑ ትንሽ እልፍ ብሎ ቪያ ዴላ ስክሮፋ ላይ ነው፣ በተመረጡ ማግስት ራሳቸው ሄደው ሂሳባቸውን የከፈሉበት ቤት ማለት ነው። ለሁለተኛው ቤተክርስቲያንም ቅርብ ነው።

አሁን ዞር በሉና በቀኝ ያለውን እዩ፣ ይሄኛው የኛ ጉዳይ አለበት። የማቴዎስ ሰማዕትነት ነው፣ ምዕራባውያን ጋ ባለው የቅዱሳን ታሪክ መሠረት ማቴዎስ የሞተው ኢትዮጵያ ነው! ሂርታኩስ የሚባል ንጉሥ ራሷን ለእግዚአብሔር የሰጠችውን የቀድሞውን ንጉሥ ልጅ ኢፊጌንያን ላግባ ሲል ማቴዎስ አይሆንም አለው፣ ከዛ ቅዳሴ እንዳበቃ መሠዊያው ሥር አስገደለው ነው የሚለው። ሥዕሉ ላይ ገዳዩ መሃል ቆሞ የማቴዎስን እጅ ጨብጦ ይዞታል፣ መልአክ ደግሞ ከደመና ላይ ተንጠልጥሎ የሰማዕታት ዘንባባ እያቀበለው ነው፣ ስለዚህ ያ እጅ ራሱን ለመከላከል ይሁን ዘንባባውን ለመቀበል የተዘረጋ እንደሆነ መለየት አይቻልም። በስተቀኝ አንድ ሕፃን እየጮኸ ይሸሻል። ከኋላ ጨለማው ውስጥ ዞር ብሎ የሚያየው ያዘነ ፊት የሠዓሊው የራሱ ነው። ቅር ያለኝ ነገር ቢኖር፣ ቦታው ኢትዮጵያ ተብሎ አንድም እኛን የሚመስል ሰው የለበትም። ግን ስለ አገራችን ሲያስብ ቅዳሴ የሚቀደስባት፣ ጥምቀት የሚጠመቁባት አገር አድርጎ ነው የሳላት፣ እሱን ሳስብ ልቤ ሞቀ።

ሌላም ሙዚየም ውስጥ የማታገኙት ነገር አለ። ጸሎት ቤቱ ከመሠዊያው በላይ መስኮት አለው፣ በሁለቱም ሥዕሎች ውስጥ ብርሃኑ የሚመጣው ከዛው አቅጣጫ ነው፣ እዛ ግድግዳ ላይ ሆኖ እንዲታይ ብሎ ነው የሠራው። ሁለቱን በ1599 እና 1600 ጨረሰ፣ የመሃሉን፣ ማቴዎስ ወንጌሉን ሲጽፍ የሚያሳየውን፣ በ1602። ለመሃሉ መጀመሪያ የሳለውን አልተቀበሉትም፣ ማቴዎስን እግሩን አጣምሮ የተቀመጠ ባዶ እግሩን የሆነ ገበሬ አድርጎት ነበር፣ መጻፍ የማያውቅ ይመስል መልአኩ እጁን ይዞ ያጽፈዋል። ያ ሥዕል በርሊን ደርሶ በ1945 ጠፋ፣ የቀረው ፎቶው ነው። እኔ እሱን ብሰቅለው እመርጥ ነበር።

ሳንታጎስቲኖ ከዚህ የሦስት ደቂቃ መንገድ ነው፣ ሰውም ያነሰ ነው። በግራ የመጀመሪያው ጸሎት ቤት ውስጥ የሎሬቶ እመቤታችን አለች፣ የተጓዦች እመቤታችንም ይሏታል። ከሁሉም የምወደው ይሄን ነው።

እመቤታችን ዙፋን ላይ አይደለችም። በር ላይ ቆማለች፣ ጎኗን መቃኑ ላይ አስደግፋ፣ ባዶ እግሯን፣ ዳቦ የጠገበ ትልቅ ልጅ ታቅፋ። የበሩ ግድግዳ ልስኑ ረግፎ ጡቡ ይታያል። ተጓዦቹ ቤቶች ሲሉ ደጆች ብላ የወጣች ነው የምትመስለው። ከሥሯ አንድ ሰውዬና አንዲት አሮጊት በትራቸውን ይዘው ተንበርክከዋል፣ የሰውዬው የእግር መዳፍ ወደ እኛ ዞሯል፣ አፈር የጠጣ፣ ጭቃው የደረቀበት። ሥዕሉ ከመሠዊያው በላይ ስለሆነ እናንተ ስትቆሙ ከዓይናችሁ ትይዩ የምታገኙት ያንን እግር ነው፣ ከዛ በላይ የነሱን ፊት፣ ከዛ በላይ እሷን። በጊዜው ሌላ ሠዓሊ፣ ከካራቫጆ ጋር ፍርድ ቤት የተካሰሰው ባሊዮኔ፣ ስለዚህ እግርና ስለ አሮጊቷ የቆሸሸ ሻሽ ተራው ሕዝብ ብዙ እንደጮኸ ጽፏል። ይጩኹ እንጂ፣ የራሳቸውን እግር መሠዊያ ላይ አይተው አያውቁማ!

ፎቶውን ለእናቴ ላኩላት፣ እምድብር ነው ያለችው። ሃይማኖተኛ ናት፣ ለእመቤታችን ክብር አይደለም ትላለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ደወለችና፣ "እግራቸው እንዲህ የሆነው ከሩቅ ቢመጡ ነው፣ ውሃ ታቀርብላቸዋለች" አለችኝ። እኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ እግር የምታጥበው እሷ ነበረች።

እዛው ቤተክርስቲያን መግቢያው አጠገብ የወሊድ እመቤታችን የሚሏት የያኮፖ ሳንሶቪኖ የእብነ በረድ ሐውልት አለች፣ ሮዝና ሰማያዊ ሪባን፣ የሕፃናት ፎቶ፣ ስለት የደረሰላቸው ያመጡት ነገር ተደርድሮላታል፣ እግሯ ሰው ሲስመው ሲዳስሰው ኖሯል። ነፍሰ ጡር ያላችሁ ወይ ልጅ ስትለምኑ የቆያችሁ ሳታይዋት እንዳትወጡ። ሠዓሊው ራፋኤል የሳለው ነቢዩ ኢሳይያስም እዛው ምሰሶ ላይ ነው፣ የአውግስጢኖስ እናት የቅድስት ሞኒካ መቃብርም አለ፣ ስለ ልጇ ያለቀሰች እናት ስለሆነች እኔ ሻማ የማበራው እዛ ነው።

ሳንታ ማሪያ ዴል ፖፖሎ ትንሽ ትርቃለች፣ በእግር ሃያ ደቂቃ ወይም ሜትሮ ኤ ይዛችሁ ፍላሚኒዮ መውረድ። እዛ የጴጥሮስ ስቅለትና የጳውሎስ ወደ ክርስትና መመለስ ፊት ለፊት ናቸው። ጸሎት ቤቷ ጠባብ ስለሆነች አንገት ይቆለመማል፣ በጎን ነው የምታዩት፣ ሁሌም ሰው ስልክ ዘርግቶ ይጋርዳችኋል። ጳውሎስ ከፈረስ ሥር እጁን ዘርግቶ ወድቋል፣ ፈረሱ ግማሹን ሸራ ይዞታል። የጴጥሮስን ግን በደንብ እዩት፣ መስቀሉን የሚያነሱት ሦስት ሰዎች ክፉ አይመስሉም፣ ከባድ ሸክም የያዘ የቀን ሠራተኛ ነው የሚመስሉት፣ አንዱ አጎንብሶ በጀርባው እየገፋ ነው፣ የሱም እግር ጥቁር ነው።

እህቴ የጠየቀችኝን ልንገራችሁ፣ እንዲህ ያለ ነፍሰ ገዳይ እንዴት ለቤተክርስቲያን ይሥላል አለችኝ። እውነት ነው፣ በ1606 ሰው ገድሎ ከሮም ሸሸ፣ በ1610 በ38 ዓመቱ ሞተ፣ ሮም አልተመለሰም። የገደለውን ቀላል አላደርገውም። ግን ቀራጭ ሲጠራ እንዲህ አድርጎ የሳለው መጠራቱን እሱም ስለፈለገው ይመስለኛል፣ ጨለማውን ያውቀዋል።

ጊዜ ካላችሁ አንድ ልጨምር፣ የካራቫጆ ባይሆንም። ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ቅርብ የሆነችው ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ውስጥ ሳሉስ ፖፑሊ ሮማኒ የምትባል ጥንታዊ የእመቤታችን ሥዕል አለች፣ ሰማያዊ ካባ፣ እጆቿን አጣምራ ልጇን አቅፋ፣ በጣቶቿ መሐረብ ይዛ። ገና ሳያት አወቅኋት፣ እናቴ ቤት ግድግዳ ላይ ያለችው ናት! ለካ ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን የዚህችን ሥዕል ቅጂ ወደ ኢትዮጵያ ይዘው ሄደው፣ የኛ ሠዓሊዎች ተቀብለው በራሳቸው እጅ ደጋግመው ስለዋታል፣ ሚስዮናውያኑ በአፄ ፋሲል ጊዜ ሲባረሩ እሷ ቀረች፣ ካቶሊኩም ኦርቶዶክሱም ቤት ሰቀላት። ፍራንቸስኮስም እዛው ነው የተቀበሩት፣ ስማቸው ብቻ የተጻፈበት መቃብር።

እንግዲህ ነጥብ ስጪ ካላችሁ ሳን ሉዊጂ 5 ከ5፣ ሳንታጎስቲኖ 5 ከ5፣ ፖፖሎ ለመጣበቡ 4። እኩለ ቀን ላይ ስለሚዘጉ ወይ በጠዋት ወይ ከሰዓት ሂዱ፣ ሰዓቱን ቀድማችሁ ቼክ አድርጉ፣ ቅዳሴ ላይ ከደረሳችሁ ቁጭ ብላችሁ አስቀድሱ እንጂ ሥዕል ፍለጋ አትዙሩ። ከተርሚኒ 64 ባስ ያመጣችኋል፣ ግን ቦርሳችሁን ከፊት አድርጉ። ትከሻ ለመሸፈን ነጠላ በቂ ነው። ፍላሽ አታብሩ። ጋይድ ከፈለጋችሁም ቀድማችሁ ለጸሎት ጊዜ ይሰጣል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ እኛ ሳንጠይቅ ነው የከፈልነው። ሳንቲሙን ደግሞ አትሰስቱ፣ ሌላ ሰው እስኪከት የሚጠብቅ ብዙ አለ፣ አንዳንዱ ሳንቲም ስለሌለው ነው።

እህቴ ለመስከረም ትመጣለች፣ የማቴዎስን በዓል እዚህ አሳልፋለሁ ብላለች፣ ከአሁኑ የ1 ዩሮ ሳንቲም በብርጭቆ እያጠራቀምኩላት ነው።