የኮንቴይነር ማከማቻ ለሚጠብቅ ኤጀንት፦ ዝግጁ የቱል ጥቅል ወይስ ራሳችሁ የጻፋችሁት?

ሐዋሳ ውስጥ ሰርቨር የምታስተዳድሩ ጓደኞቼ በዚህ ወር ብቻ አራት ጊዜ አንድ ጥያቄ ጠይቃችሁኛል፦ «ዶከራችንን ለሚጠብቀው ኤጀንት ዝግጁውን የቱል ጥቅል እንጫንለት ወይስ ራሳችን እንጻፍለት?» (ለአዲስ አንባቢ፦ ዶከር ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባሉ የተለያዩ ሳጥኖች ውስጥ የሚያስኬድ ሶፍትዌር ነው፤ ኤጀንት በቋንቋ ሞዴል የሚመራ፣ ሥራ በራሱ የሚፈጽም ፕሮግራም፤ ቱል ደግሞ ኤጀንቱ ጠርቶ የሚሠራበት መሣሪያ።) መልሴ፦ ራሳችሁ ጻፉ። እኔ ይህን የተማርኩት ከኪሴ ከፍዬ ነው።

መጀመሪያ ሂሳቡ። ዝግጁው ሲወርድ ነፃ ነው፤ ሲሠራ ግን ያስከፍላል። የእያንዳንዱ ቱል ስምና መግለጫ ሞዴሉ በተጠራ ቁጥር አብሮ ይላካል፣ በቶክንም (ሞዴሉ ጽሑፍን በሚከፋፍልበት፣ ክፍያም በሚሰላበት ቁራጭ) ይቆጠራል። 40 ቱል በ150 ቶክን ብንይዝ 6,000 ነው። አንድ ሥራ 20 ጥሪ ቢፈጅ 120,000 ይሆናል። ለሚሊዮን ቶክን 3 ዶላር ብናስብ 36 የዶላር ሳንቲም ነው። የእኔ ስድስት ቱሎች መግለጫቸው ረዘም ያለ ነው፣ እያንዳንዱ 250 ቶክን። ያም ሆኖ በ20 ጥሪ 30,000 ነው፣ 9 ሳንቲም። በቀን አሥር ሥራ ካለ በወር 108 ዶላር ከ27 ዶላር ጋር ማለት ነው። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር የ81 ዶላር ልዩነት ቀላል አይደለም። መግለጫውን በእንግሊዝኛ የምጽፈውም ለዚሁ ነው። አንድ ፊደላችን ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የኮምፒውተር የጽሑፍ ኮድ ሦስት ባይት ይይዛል፤ በአብዛኞቹ ሞዴሎች ላይ ያው ሐሳብ በአማርኛ ሲጻፍ ብዙ ቶክን ይበላል። ቢቆጨኝም ሂሳቡ እንዲህ ነው።

ከገንዘቡ የባሰው ግን የተቀዳ መግለጫ ነው። ባለፈው ክረምት ለአንድ የሐይቅ ዳር ሆቴል ሰርቨር ከአንድ ሻጭ በ4,000 ብር ጥቅል ገዛሁ። ለካ በነፃ የሚወርደውን ስሙን ቀይሮ ነው የሸጠልኝ። የጽዳት ቱሉ መግለጫ አንድ መስመር ነበር፦ «ጥቅም ላይ ያልዋለ ማከማቻ ሁሉ ያጸዳል»። ከሰዓት በኋላ ለጥገና ብዬ ኮምፖዝ ዳውን አደረግሁ። ይህ ትእዛዝ ኮንቴይነሮቹን አስቁሞ ያስወግዳል፣ ስም ያላቸውን ቮልዩሞች (ዳታ የሚቀመጥባቸውን ማከማቻዎች) ግን ይተዋል። የክፍል ማስያዣው ዳታቤዝ ቮልዩም በዚያች ሰዓት ምንም ኮንቴይነር አልያዘውም፤ ስለዚህ በዶከር ዓይን «ጥቅም ላይ ያልዋለ» ሆነ።

ዲስኩ ሲሞላ ኤጀንቱ ቮልዩም ፕሩን የሚባለውን የጽዳት ትእዛዝ ሰጠ፤ ቦታ አልተለቀቀም። እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው ዶከር 23 ጀምሮ ይህ ትእዛዝ ተጨማሪ ምርጫ ካልተሰጠው የሚሰርዘው ስም የሌላቸውን ብቻ ነው። መግለጫው ከዚያ በፊት ከነበረ መመሪያ ስለተቀዳ «ሁሉ» ይላል። ኤጀንቱም የተጻፈለትን ለመፈጸም «ኦል» (ሁሉ) የሚለውን ምርጫ ጨምሮ ደገመው። ማስያዣው ጠፋ። ባክአፑ ሦስት ቀን የቆየ ነበር። የቀረውን ከእንግዳ መቀበያው ደብተር ላይ ከሠራተኞቹ ጋር እስኪነጋ መዘገብን። ሻጩ ስልክ አላነሳም።

አሁን የጽዳት ቱሌ መግለጫ እንዲህ ይላል፦ «ምንም ኮንቴይነር ያልያዛቸውን፣ ስም የሌላቸውን ቮልዩሞች ብቻ ይሰርዛል። ስም ያላቸውን አይነካም። የተሰረዘው አይመለስም። መጀመሪያ የዝርዝር ቱሉን ጥራ። ቦታ ካልተለቀቀ አትድገም፤ ለሰው አሳውቅ።» ከሁሉም የሚበልጠው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው፤ ያ ምሽት የጎደለው እሱ ነበር። ኮዱም ውስጥ «ኦል» የሚለውን ዘግቼዋለሁ። መግለጫ ኤጀንቱን ይመራል እንጂ እጁን አይዝም። በሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል (ኤጀንትንና ቱልን በሚያገናኘው የጋራ ደንብ) ቱሉ ላይ የሚለጠፈው «አጥፊ» የሚል ምልክትም ጥቆማ ብቻ ነው፤ በራሱ ምንም አይከለክልም።

ኮንቴይነሮችን በብዙ ሰርቨሮች ላይ ለሚያስተዳድረው ኩበርኔቲስም ያው ነው። እንደተጠየቀ በስቶሬጅ ክላስ (የማከማቻ ዓይነትን በሚወስን ቅንብር) የሚፈጠር ቮልዩም የመመለሻ ደንቡ ካልተቀየረ «ዲሊት» (ይሰረዝ) ነው፤ ቮልዩሙ የተጠየቀበት ጥያቄ (ክሌይም) ሲሰረዝ ዲስኩም አብሮ ይሄዳል። ብዙ ዝግጁ ጥቅሎች «ጥያቄውን ይሰርዛል» ብለው ያልፉታል።

ዝግጁውን የምመርጥበት ቦታ አለ፦ የሚያነብ ብቻ ሲሆን። ዝርዝር ማየት፣ የዲስክ መጠን መለካት፣ ሎግ ማንበብ ላይ ብሳሳት የምከስረው ጥቂት ሳንቲም ነው። የሚሰርዙትን ቱሎች አጥፍታችሁ ተጠቀሙበት። የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ ደግሞ ከመክፈላችሁ በፊት የስረዛ ቱሉን መግለጫና ኮዱን ጎን ለጎን አስከፍቱት። ስም ያለው ቮልዩም ምን እንደሚሆን መግለጫው ላይ ካልተጻፈ ብራችሁን አትስጡ።