ያገለገለ ያማሃ ኢንዱሮ 40 ልግዛ ለምትሉ

ባሕር ዳር ጀልባ ያለው ሰው ሁሉ የሚጠየቀው ነገር ነው፦ «አሮጌ ሞተር ልግዛ ወይስ ጨክኜ አዲስ?» ያማሃ ኢንዱሮ 40 ከሆነ አሮጌውንም ግዙት እላለሁ። እጃችሁን ዘይት ሲነካው የምትጠየፉ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ።

እኔ በዚህ ሞተር ጣና ሐይቅ ላይ ዘጌና ክብራን ገብርኤል፣ አንዳንዴም ደቅ ድረስ ሰው አመላልሳለሁ። የገዛሁት ከሌላ ባለጀልባ ነው። ቀለሙ ተላልጧል፣ ክዳኑ ተሰንጥቆ ተለጥፏል። ሥራ ላይ ግን ቀልድ አያውቅም። ቱ ስትሮክ (ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ የሚነድበት)፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር ነው። ባትሪ የለው፣ ኮምፒውተር የለው፤ ገመዱን ስቦ ማስነሳት ነው። ሲያስቸግርም ሰፈር ያለ መካኒክ ይፈታዋል።

ሻጭ የማይነግራችሁ ነገር አለ። 40 የተባለው የፈረስ ጉልበት ባሕር ጠለል ላይ ነው። ጣና ያለው 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ሞተር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ስለዚህ ጀልባውን ጢም አድርጋችሁ ጭናችሁ «ደክሟል» ብላችሁ አትፍረዱበት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛበታል፣ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላም ቶሎ ጥላሸት ይይዛል። ፈትታችሁ እዩት። ቡናማ ከሆነ ሰላም ነው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ይጸዳል፣ ጫፉ ከተበላ ይቀየራል። ትርፍ ካንዴላና መፍቻው ከጀልባዬ አይወርዱም።

ዘይቱ ቤንዚኑ ውስጥ ነው የሚቀላቀለው። እኔ 50 ለ1 ነው የምቀላቅለው፤ ለ20 ሊትር ጄሪካን 400 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። በግምት የሚያንቆረቁር ሰው ካያችሁ የእሱን ሞተር አትግዙ።

ከሁሉም በላይ የምፈራው ሙቀት ነው። ሞተሩ ሲሠራ ቀጭን ውሃ ይተፋል፤ «እየሸና ነው» እንላለን። ሽንቱ ከቀጠነ ወይም ከተቋረጠ ወዲያው ማጥፋት ነው። ውሃውን የምትስበው ታች የተደበቀች ትንሽ የጎማ ኢምፔለር ናት። ክረምት ላይ ወንዞቹ ደለል ይዘው ሲገቡ አሸዋው ይበላታል። ክንፎቿ ወደ አንድ ወገን ተጣመው ከደረቁ አለቀላት። እኔ ደህና ብትመስልም ክረምት ሲወጣ እቀይራታለሁ። ፎርጅድ እንዳትገዙ ብቻ! አንድ ሱቅ «ኦርጅናል ናት» ብሎ የሸጠልኝ ወር ሳይሞላት ክንፏ ተገነጠለ። የተገነጠለው ቁራጭ ወደ ላይ ወጥቶ የውሃውን መንገድ ይዘጋል፣ እሱን ፈልጎ ማውጣት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

የታችኛውን የማርሽ ዘይት በየ100 ሰዓቱ እቀይራለሁ። የታችኛው ብሎን ሲፈታ የሚወርደው ዘይት ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ የዘይት መያዣ ጎማው ይቀየር። አዲሱ የሚሞላው ከታች ነው፤ በላይኛው ቀዳዳ ብቅ እስኪል። ከላይ ብትሞሉት አየር ይቀራል።

ወደ ደንቢያና ፎገራ በኩል የምትሄዱ ደግሞ እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም አለላችሁ። ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፣ የውሃ ማስገቢያውንም ይደፍናል። በጉልበት ልለፍ አይባልም። ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቀና አድርጎ፣ በእጅ መልቀም ነው።

መጥፎ ጎኑን አልደብቅም። ቤንዚን ይጠጣል፣ ይጮኻል፣ ያጨሳል። ንፋስ ከኋላ ሲመጣ ጭሱ ተሳፋሪው ላይ ነው፤ ጸጥታ ፈልጎ ገዳም የሚሳለም ሰው ፊቱን ያጠቁራል። ገንዘብ ያለው ፎር ስትሮክ (ዘይቱ ከቤንዚኑ የማይቀላቀልበትን) ይግዛ፤ አልከራከርም።

ልታዩት ስትሄዱ ክዳኑን ከፍታችሁ ሞተሩን በእጃችሁ ዳስሱት። ሞቅ ካለ «ለናንተ ብዬ አስነስቼው ነበር» ይላችኋል ሻጩ። አመስግኑት፤ ሻይ ጠጡና ሲቀዘቅዝ ገመዱን ራሳችሁ ሳቡ።